የሐዋሳን ሐይቅ ብክለት ለማወቅ የትኞቹን የወለል እንስሳት እንምረጥ? የንጽጽር መመሪያ

ሐዋሳ ሐይቅ በገጸ ምድር የሚፈስበት መውጫ የለውም። ጥቁር ውኃ ወንዝ ይዞት የገባው፣ ከከተማው በጎርፍ የወረደው፣ ከእርሻ የታጠበው ነገር አብዛኛው ማረፊያው የሐይቁ ደለል ነው። ውኃውን በጠርሙስ ቀድቶ ማስመርመር የዚያን ሰዓት ሁኔታ ብቻ ይነግራል፤ ማታ የተለቀቀ ፍሳሽ ጠዋት ተበርዞ ሊጠፋ ይችላል። ጭቃው ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን እንስሳት (የወለል እንስሳት) ግን ብዙም መሸሻ ስለሌላቸው፣ በሳምንታትና በወራት የደረሰባቸው ነገር በቁጥራቸውና በዓይነታቸው ላይ ይታያል።

የሚያስቸግረው ከየትኞቹ እንስሳት መጀመር እንዳለብን መወሰን ነው። በዚህ ዘርፍ የተጻፈው አብዛኛው ከባሕር የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ተመራማሪዎቹ ፒርሰንና ሮዘንበርግ በባሕር ወለል ላይ ኦርጋኒክ ቆሻሻ ሲበዛ የእንስሳቱ ስብጥር በምን ቅደም ተከተል እንደሚለወጥ አሳዩ። መጀመሪያ ብክለት የማይችሉት ዓይነቶች ይመናመናሉ፤ ከዚያ ጥቂት ቻይ ዓይነቶች በብዛት ይፈላሉ፤ ቆሻሻው ከመጠን ሲያልፍ ወለሉ ባዶ ይሆናል። ይህ አካሄድ ለሐይቅም ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2000 ይፋ የሆነው አምቢ የተባለው የነጥብ አሰጣጥ ግን የቆመው እያንዳንዱን የባሕር ዝርያ ከአምስት ምድቦች በአንዱ በመደበ ዝርዝር ላይ ነው። የዚያ ዝርዝር ዋነኛ ብክለት ቻይ የሆነችው ካፒቴላ የተባለችው የባሕር ትል ሐዋሳ ውስጥ የለችም። ስለዚህ ከባሕሩ ሥራ የናሙና አወሳሰዱን ጥንቃቄ እንውሰድ፤ ነጥቡንና የ«ጥሩ» ወይም «መጥፎ» ድንበሩን ግን እዚያው እንተወው።

መመዘኛዎቹ

የመጀመሪያው መመዘኛ እንስሳው እዚህ በበቂ ቁጥር ይኖራል ወይ የሚለው ነው። ሁለተኛው ለየትኛው ብክለት ምላሽ ይሰጣል የሚለው ነው። የሽንት ቤትና የምግብ ማቀነባበሪያ ፍሳሽ ጭቃው ውስጥ ሲበሰብስ ኦክስጅን ይጨርሳል፤ በዚህ ጊዜ የዓይነት ብዛት ቀንሶ የጥቂቶቹ ቁጥር ይጨምራል። ከባድ ብረትና ፀረ ተባይ ግን ሁለቱንም አብሮ ይቀንሳል። ሁለቱን ሳይለዩ «ቁጥሩ ስለበዛ ሐይቁ ጤነኛ ነው» ማለት ትልቅ ስሕተት ነው። ሦስተኛው እንስሳውን የሚለይ ሰው አለ ወይ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ምርጫውን የሚወስነው ይኸኛው ነው። አራተኛው ዕቃውና ኬሚካሉ ነው። አምስተኛው ደግሞ ውጤቱን ከምን ጋር እናነጻጽራለን የሚለው ነው።

በዚህ በአምስተኛው ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል። ሐይቁ በጥልቁ ከ20 ሜትር ትንሽ ያልፋል። ጥልቅ ቦታ ላይ ያለው ጭቃ ብክለት ባይኖርም እንኳ ደቃቅ፣ ጨለማና ኦክስጅን የሚያንሰው ስለሆነ የእንስሳቱ ዓይነት በተፈጥሮው ጥቂት ነው። የ15 ሜትሩን ጭቃ ከ2 ሜትሩ ሸምበቆማ ዳርቻ ጋር አነጻጽሮ «መሐሉ ተበክሏል» ብሎ የሚደመድም ጥናት የለካው ጥልቀትን ነው። መፍትሔው ጣቢያዎቹን በእኩል ጥልቀትና በተመሳሳይ ጭቃ ላይ ማድረግ ነው። ለምሳሌ ከጥቁር ውኃ መግቢያ ጀምሮ 100 ሜትር፣ 500 ሜትር፣ 1 ኪሎ ሜትርና 3 ኪሎ ሜትር ላይ፣ ሁሉንም በ4 ሜትር ጥልቀት። ከከተማው የራቀውን ምዕራባዊ ዳርቻ ለማነጻጸሪያ መውሰድ ይቻላል፤ ግን እዚያም እርሻ ስላለ «ንጹሕ ቦታ» ብሎ መጻፍ አይገባም፤ «ከከተማ ፍሳሽ የራቀ» ማለቱ ይበቃል።

የትኛውንም እንስሳ ቢመርጡ ከእያንዳንዱ ጣቢያ አብረው መመዝገብ ያለባቸው ጥልቀት፣ ከወለሉ አጠገብ ያለው ኦክስጅንና ሙቀት፣ የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት፣ የደለሉ ቅንጣት መጠንና የኦርጋኒክ ይዘቱ ናቸው። ለመጨረሻው የደረቀ ደለል መዝኖ በ550 ዲግሪ ለ4 ሰዓት ማቃጠልና የጎደለውን ክብደት ማስላት ይበቃል።

አንደኛ ምርጫ፦ ቀይ እጮችና የጭቃ ትሎች

ምሽት ላይ በሐይቁ ዳር መብራት የሚከብቡት፣ ትንኝ የሚመስሉ ግን የማይናከሱ በራሪዎች እጫቸው ጭቃ ውስጥ ነው የሚያድገው። ካይሮኖሚድ ይባላሉ። ከነሱ ውስጥ ካይሮኖመስ የተባለው ወገን ሄሞግሎቢን ስላለው ደማቅ ቀይ ነው፤ ኦክስጅን ባነሰበት ጭቃ የሚኖረውም በዚሁ ነው። የጭቃ ትሎቹ (ቱቢፌክስና ሊምኖድሪለስ የሚባሉት ያሉበት ወገን) ራሳቸውን ጭቃ ውስጥ ቀብረው ጅራታቸውን ወደ ላይ እያወዛወዙ ይተነፍሳሉ። ነጭ ሳህን ላይ ሲፈስሱ ሁለቱን መለየት ከባድ አይደለም፤ እጯ በ8 ቁጥር ቅርጽ እየተጠማዘዘች ትዋኛለች፣ የራሷ ሽፋንም ጠንካራና ቡናማ ነው፤ ትሉ ቀጭን ክር ሆኖ ይጠቀለላል እንጂ ራስ የሚባል የተለየ ነገር አይታይበትም።

ናሙናው የሚወሰደው በኤክማን ግራብ ነው፤ 15 በ15 ሴንቲሜትር የሆነ፣ ሁለት መንጋጋ ያለው ሳጥን። መሣሪያውን ቀስ ብለው ያውርዱት፣ በተለይ የመጨረሻውን አንድ ሜትር። በፍጥነት ከወረደ ከፊቱ የሚገፋው ውኃ ላዩን ያለውን ለስላሳ ደለል ያባርረዋል፤ ብዙዎቹ እንስሳት ያሉት ደግሞ እዚያ ነው። ከወለሉ ሲደርስ ገመዱን ቀጥ አድርገው መንጋጋውን የሚዘጋውን ብረት በገመዱ ላይ ይልቀቁት። ሲወጣ መንጋጋው መካከል እንጨት ወይም የሸምበቆ ሥር ተሰክቶ ከሆነ ጭቃው በመንገድ ላይ ታጥቧልና ይጣል፤ «ግማሽም ቢሆን ይቆጠር» አይባልም። በየጣቢያው ቢያንስ 3 ግራብ ይውሰዱ፤ ሦስቱንም ለየብቻ ያስቀምጡ እንጂ አይደባልቁ፤ ከተደባለቁ በአንድ ጣቢያ ውስጥ ያለው ልዩነት አይታወቅም።

ጭቃው በ500 ማይክሮን (ግማሽ ሚሊሜትር) ወንፊት ይታጠባል። ትንንሽ እጮችን ጭምር ከፈለጉ 250 ማይክሮን ይሻላል፤ የልቀማው ጊዜ ግን በጣም ይረዝማል። ውኃ በኃይል አይልቀቁበት፤ ትሎቹ ይቆራረጣሉ። ተቆራርጠው ከተገኙ የፊት ጫፍ ያላቸውን ቁርጥራጮች ብቻ ይቁጠሩ። ዕቃው በናሙና ከግማሽ በላይ እንዳይሞላ አድርገው ቀሪውን በ96 በመቶ አልኮል ይሙሉት፤ በነጋታው አልኮሉን በአዲስ 80 በመቶ ይቀይሩ። ብዙ ናሙና የሚበላሸው ጭቃው ውስጥ ያለው ውኃ አልኮሉን አቅጥኖት ነው፤ ሽታው ሲመጣ ትሎቹ ቀልጠዋል። መለያ ወረቀቱ በእርሳስ ተጽፎ ወደ ውስጥ ይግባ፤ የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይለቃል።

የአንድ ግራብ ቁጥር በ44.4 ሲባዛ ለአንድ ካሬ ሜትር ይሆናል። 63 እጭ ከተገኘ ወደ 2,800 ማለት ነው። ቀጥሎ የሚሰላው የትሎች ድርሻ ነው፤ 90 ትል፣ 20 እጭና 5 ሌላ እንስሳ ካለ ትሎቹ 78 በመቶ ናቸው። ከ80 በመቶ በላይ ከባድ ብክለት ነው የሚል የቆየ ሚዛን አለ፤ የተሠራው ግን ለአሜሪካ ጅረቶች ነው። በሐዋሳ እንደ ድንበር ሳይሆን በጣቢያዎች መካከል ለማወዳደሪያ ብቻ ይጠቀሙበት። ኢትዮጵያ ውስጥ ለደጋ ወንዞችና ጅረቶች የተዘጋጀ የወለል እንስሳት ነጥብም አለ፤ ለጥቁር ውኃ ወንዝ በጥንቃቄ ሊሞከር ይችላል፣ ለሐይቁ ጭቃ ግን አይሆንም።

ከባድ ብረትን ለሚጠረጥሩ ይህ ምርጫ ተጨማሪ ነገር አለው። የካይሮኖመስ እጭ ራስ በ10 በመቶ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ሞቅ ተደርጎ ሲጸዳ አገጩ ላይ ያሉት ጥርሶች በማይክሮስኮፕ ይታያሉ። በተበከለ ደለል ያደጉት ጥርሳቸው ይጎድላል፣ ይጣበቃል ወይም ይበዛል። በድንጋይ የተፋቀ ጥርስ ግን የተበላሸ አይደለም፤ ፍቅፋቂው ጫፉን ያደነዝዛል እንጂ የጥርሱን ቁጥር አይለውጥም። 30 እጭ ብቻ አይቶ መደምደም አይቻልም፤ የተበላሹት 5 በመቶ ቢሆኑ ከ30 አንድ ወይም ሁለት ብቻ ነው የሚገኘው። ከጣቢያ 100 እና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል።

ድክመቱ እጮቹ በራሪ ሆነው መውጣታቸው ነው። ብዙዎቹ በወጡ ማግሥት ናሙና ከተወሰደ ጭቃው ባዶ ይመስላል፤ ትሎቹን አብሮ መቁጠር ከዚህ ያድናል።

ሁለተኛ ምርጫ፦ ናማቶዶች

ናማቶዶች ጥቃቅን ክብ ትሎች ናቸው፤ በባሕር ወለል ሥራ ትልቁ ቦታ የነሱ ነው። ናማቶዶች ሜዮፋውና ከሚባሉት፣ ማለትም በ1 ሚሊሜትር ወንፊት አልፈው በ63 ወይም በ38 ማይክሮን ወንፊት ከሚቀሩት እንስሳት፣ ብዙውን ጊዜ የሚበዙት ናቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ ጭቃ ውስጥ ይኖራሉ፤ እንደ እጮቹ በርረው አይሄዱም። ትውልዳቸው በቀናትና በሳምንታት የሚቆጠር ስለሆነ ለውጥን ቶሎ ያሳያሉ። ኦክስጅን ጠፍቶ ሌላው ሁሉ ሲሞት እንኳ ጥቂቶቹ ይተርፋሉ፤ ስለዚህ እጅግ በተበከለ ቦታም የሚቆጠር ነገር አይጠፋም።

ናሙናው ትንሽ ነው። ባሕር ላይ የተለመደው 3.6 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ቱቦ ነው፤ ወደ 10 ካሬ ሴንቲሜትር ይይዛል። ጫፉ የተቆረጠ ትልቅ የመርፌ ስሪንጅም ይሆናል፤ የውስጥ ስፋቱን ለክተው የአፉን የቆዳ ስፋት ያስሉ። የኤክማኑን የላይ ክዳን ከፍተው፣ ጭቃው ላይ ያለው ውኃ ጥርት ያለ ከሆነ ብቻ፣ ከመሐሉ እስከ 5 ሴንቲሜትር ይሰኩት። ውኃው የደፈረሰ ከሆነ ላዩ ተረብሿልና ሌላ ግራብ ያውጡ።

የሚታጠብበት ውኃ፣ የቧንቧም ይሁን የሐይቅ፣ አስቀድሞ በዚያው በ38 ማይክሮን ወንፊት ይጠለል። በቧንቧ ውኃም ናማቶድ ሊኖር ይችላል፤ ይህን የዘለለ ሰው የቧንቧውን ትል የሐይቁ አድርጎ ይቆጥራል። ትሎቹን ከደለሉ የሚለየው ከውኃ 1.18 እጥፍ የሚከብድ ፈሳሽ ነው። ሉዶክስ የተባለው ለዚሁ ተመራጭ ነው፤ ግን ውድ ነው፣ በአገር ውስጥም በቀላሉ አይገኝም። ምትኩ ስኳር ነው፤ ወደ 480 ግራም ስኳር ውኃ ተጨምሮበት ጠቅላላው 1 ሊትር ሲሆን እዚያው ክብደት ላይ ይደርሳል። በሴንትሪፊዩጅ 10 ደቂቃ አዙረው ላዩን በወንፊት ያጥልሉ፤ ሦስት ጊዜ ይድገሙ። ስኳር የትሉን ውኃ ስለሚመጥ ሰውነቱ ይጨማደዳል፤ ላዩን ወዲያው በንጹሕ ውኃ ማጠብ ግድ ነው። ለወንፊቱ ያልሰነፈ ሰው በስኳር ጥሩ ውጤት ያገኛል።

ከባዱ ክፍል ልየታው ነው። ከእያንዳንዱ ናሙና ቢያንስ 100 ትል በመርፌ ተለቅሞ፣ በግሊሰሪን ስላይድ ላይ ተደርጎ፣ ከ400 እስከ 1,000 እጥፍ አጉልቶ ማየት ያስፈልጋል። ዝርያ ድረስ የሚለይ ሰው ከሌለ ሁለት አማራጭ ይቀራል። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1990 ቦንገርስ ያቀረበው የብስለት ሚዛን ነው፤ ቤተሰብ ድረስ ለይቶ ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይሰጣል። 1 ቆሻሻ ሲበዛ ፈጥነው የሚፈሉት ናቸው፣ 5 ደግሞ ቀስ ብለው የሚራቡትና ችግር የማይችሉት። ሁለተኛው በአፋቸው ቅርጽ መመደብ ነው፤ ጥርስ አልባዎቹ ባክቴሪያ ጠጪዎች በዝተው ጥርስ ያላቸው አዳኞች ከጠፉ ጭቃው ላይ አንድ ነገር ደርሷል።

እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ የሚጠቀስ አንድ አቋራጭ አለ፤ የናማቶዶችን ቁጥር ለኮፔፖዶች (እግር ያላቸው ጥቃቅን የውኃ እንስሳት) ቁጥር ማካፈል። ኮፔፖዶች የኦክስጅን እጥረት ስለማይችሉ ብክለት ሲመጣ ውጤቱ ያሻቅባል ነው ሐሳቡ። ነገር ግን ከአሸዋ ወደ ጭቃ ሲኬድ ያለ ምንም ብክለትም ያሻቅባል። በሐዋሳ ዳርቻ የደለሉ ዓይነት በአጭር ርቀት ስለሚለዋወጥ ይህን አቋራጭ ለብቻው አንመክርም።

ሦስተኛ ምርጫ፦ ኦስትራኮዶች

ሁለት ቅርፊት ያላቸው፣ አብዛኞቹ ወደ 1 ሚሊሜትር የሚጠጉ እንስሳት ናቸው። ብልጫቸው ቅርፊታቸው እንደ ሐዋሳ ባለ አልካላይን ሐይቅ ደለል ውስጥ መቆየቱ ነው። «ከፋብሪካዎቹና ከከተማው መስፋፋት በፊት ምን ይመስል ነበር?» የሚል ጥያቄ ያለው ሰው ረጅም የደለል ዓምድ አውጥቶ በየሴንቲሜትሩ መቁጠር ይችላል፤ ሰውነታቸው ለስላሳ የሆኑት ትሎች ይህን አያስችሉም። ለዛሬ ሁኔታ ከሆነ ግን ሥጋው ውስጡ ያለውን ብቻ ይቁጠሩ፤ ባዶ ቅርፊት ከየት ታጥቦ እንደመጣ አይታወቅም። ገለልተኛ ባልሆነ ፎርማሊን አያስቀምጡ፤ አሲዱ ቅርፊቱን ያሟሟዋል። አልኮል ይጠቀሙ። የዓምዱን ዕድሜ ማስለካት ደግሞ ውጭ አገር መላክ ሊጠይቅ ስለሚችል በጀቱ ላይ አስቀድሞ ይታሰብበት።

አራተኛ፦ ፎራሚኒፌራ

ባለ አንድ ሕዋስ ናቸው፤ የባሕር ብክለት ጥናት ውስጥ ትልቅ ስም አላቸው፣ አሠራራቸውም በደንብ የተደነገገ ነው፦ የላይኛው 1 ሴንቲሜትር ደለል፣ 3 ድግግሞሽ፣ በሊትር አልኮል 2 ግራም ሮዝ ቤንጋል (ሕያዋኑን የሚያቀላ ቀለም)፣ ቢያንስ 14 ቀን ማቆየት፣ ከ125 ማይክሮን በላይ ያለውን መቁጠር። ለሐዋሳ አይሆኑም፤ ለዚህ ሥራ የሚቆጠሩት የጨው ውኃ ነዋሪዎች ናቸው። ጅቡቲ ወይም ቀይ ባሕር ላይ ለሚሠራ ተማሪ ግን ቀዳሚ ምርጫ ሊሆኑ ይችላሉ። ሮዝ ቤንጋል በቅርቡ የሞተውንም እንደሚያቀላ ብቻ ያስታውሱ።

አምስተኛ ምርጫ፦ ጭቃውን ላቦራቶሪ አምጥቶ መፈተን

ከላይ ያሉት ሁሉ አንድ የጋራ ጉድለት አላቸው፤ የጠፋው እንስሳ በመርዝ ይሁን በኦክስጅን እጥረት ወይም በጥልቀት መጥፋቱን በግልጽ አይለዩም። ጭቃውን አምጥቶ፣ አየር በበቃው ዕቃ ውስጥ፣ በላቦራቶሪ የረቡና ዓይነታቸው የታወቀ እንስሳትን ማስገባት ይህን ይለያል። ለደለል ዓለም አቀፍ ደረጃ የወጣላቸው አሉ፤ ኬኖራብዳይቲስ ኤሌጋንስ በተባለው ናማቶድ የሚሠራው 96 ሰዓት ይወስዳል፣ በኦስትራኮድ የሚሠራው 6 ቀን፣ በካይሮኖመስ እጭ የሚሠራው እስከ 28 ቀን። ጭቃው በ4 ዲግሪ፣ በጨለማ ይቀመጥ፤ በረዶ እስኪሆን ግን አይቀዝቅዝ። በንጹሕ ደለል ውስጥ የተቀመጠው ማነጻጸሪያ ቡድን ካልኖረና ካልተራባ ፈተናው ውድቅ ነው። በጉዞ የተጠራቀመ አሞኒያም እንስሳቱን ሊገድልና ብረት ገደላቸው ሊያስብል ስለሚችል አሞኒያውን ይለኩ።

የብረት ምርመራ ብቻውን ይበቃል ወይ የሚል ይኖራል። አይበቃም። ማሽኑ የሚሰጠው ጠቅላላ መጠን ነው፤ ኦክስጅን በሌለው ጭቃ ከሰልፋይድ ጋር የታሰረ ብረት ለእንስሳው ላይደርስ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1985 የቀረበው ሦስቱን የማጣመር አሠራር (ኬሚካል፣ የመርዛማነት ፈተና፣ የእንስሳት ቆጠራ) እስከ ዛሬ የሚሠራበት በዚሁ ምክንያት ነው።

| መመዘኛ | እጮችና ትሎች | ናማቶዶች | ኦስትራኮዶች | ፎራሚኒፌራ | የላቦራቶሪ ፈተና |
|---|---|---|---|---|---|
| በሐዋሳ ሐይቅ | በብዛት አሉ | በብዛት አሉ | አሉ | አይሆኑም | ጭቃው ይመጣል |
| በይበልጥ የሚያሳዩት | ኦርጋኒክ፤ በጥርስ ብልሽት ብረት | ኦርጋኒክም መርዝም | ያለፈ ዘመን ለውጥ | የባሕር ብክለት | መርዛማነት |
| ወንፊት | 500 ወይም 250 ማይክሮን | 38 ማይክሮን | ከ63 እስከ 125 ማይክሮን | 125 ማይክሮን | እንደ ደረጃው |
| የልየታ ችሎታ | በአጭር ሥልጠና | ከፍተኛ | መካከለኛ | ከፍተኛ | ልየታ አይፈልግም |
| ወጪ | ዝቅተኛ | መካከለኛ | መካከለኛ፤ ዕድሜ ከተለካ ከፍተኛ | መካከለኛ | ከፍተኛ |
| ዋና ወጥመድ | ጥልቀት፣ በርሮ መውጣት | የቧንቧ ውኃ፣ የደለል ዓይነት | ባዶ ቅርፊት | የሞተውን መቁጠር | አሞኒያ |

ሐይቁ ላይ ሲወጡ

ጠዋት በማለዳ ይውጡ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ጀልባው ስለማይረጋ ኤክማኑ ወለሉን በጎኑ ይመታል። በጥቁር ውኃ መግቢያ በኩል ጉማሬ ስላለ አካባቢውን ከሚያውቅ ጀልበኛ ጋር ይሂዱ። በዳርቻው ቢልሃርዝያ አለ፤ ረጅም የጎማ ቦቲና ጓንት ሳያደርጉ ሸምበቆ ውስጥ አይግቡ። ናሙናው በዓመት ሁለት ጊዜ ቢሆን ጥሩ ነው፤ አንዱ በጥር ወይም በየካቲት፣ ሌላው የክረምቱ ጎርፍ ካበቃ በኋላ በመስከረም መጨረሻ። በአንዱ ወቅት ብቻ የተሠራ ሥራ የጎርፍ ደለልን ከፍሳሽ ጉዳት አይለይም።

ለማን የትኛው?

ለመጀመሪያ ዲግሪ መመረቂያና ለወጣት ማኅበራት፦ እጮችና ትሎች፣ 4 ጣቢያ፣ 3 ግራብ፣ 500 ማይክሮን ወንፊት። ኤክማን ግራብና የኦክስጅን መለኪያ በውሰት ከተገኘ ቀሪው ወጪ አልኮልና ጀልባ ነው።

ለማስተርስ ሥራ፦ በእነዚህ ላይ የጥርስ ብልሽትን ወይም ናማቶዶችን ይጨምሩ፤ ሁለቱንም አይደለም። ናማቶድ ከመረጡ አማካሪዎ ስላይዱን የሚያይ ሰው አስቀድሞ ያግኝ፤ በእርሻ ምርምር ውስጥ የሰብል ናማቶድ የሚያውቁ ባለሙያዎች ለዚህ የቅርብ ረዳት ናቸው።

ለፋብሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኃላፊ፦ የሚያስፈልግዎ ከፍሳሽዎ በላይና በታች ያለውን ልዩነት ማሳየት ነው። የእንስሳት ቆጠራውን ከላቦራቶሪ ፈተና ጋር ያጣምሩ፤ ማሻሻያ ከመሠራቱ በፊት ናሙና ካልተወሰደ ከዚያ በኋላ መሻሻሉን ማስረዳት አይቻልም።

ለዓመታት ለሚከታተል መሥሪያ ቤት፦ እጮችና ትሎች በየዓመቱ፣ የላቦራቶሪ ፈተና ቁጥሩ ባሽቆለቆለበት ጣቢያ ብቻ፣ የኦስትራኮድ ዓምድ አንድ ጊዜ። ወንፊቱን አይቀያይሩ። ከ500 ወደ 250 ማይክሮን መቀየር ግድ ከሆነ አንድ ሙሉ ዓመት በሁለቱም ያጥቡ፤ አለበለዚያ ቁጥሩ በአንድ ጊዜ ይዘልልና ወንፊቱ ያመጣው ለውጥ ሐይቁ ላይ የደረሰ ተደርጎ ይጻፋል።